እጄ ከሐሳቤ የጠፋችበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ከማዶ ሰፈር አንዲት ሴት ባሏን ደግፋ ቤቴ ድረስ አመጣችው። ሰውየው ጎልማሳ ነው። ቀኝ ጎኑን አሞት እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላለች። "አባባ፣ እርስዎም በወጣትነትዎ እንዲህ ሆነው ነበር አሉ፤ ምን አድርገው ዳኑ?" አለችኝ። ያን ቀን እንግዳ በዝቶብኝ የነገርኳት ሁሉ ተቆራርጦ ቀረ። እሷን የመሰለ ሌላም ቤት ይኖራል ብዬ ነው አሁን ከመነሻው የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ በእኔ የደረሰውን ብቻ ነው የምናገረው።

ስሜ እንየው ነው። አገሬ ከሉማሜ ዝቅ ብሎ ያለው ጤፍ አብቃይ ሜዳ ነው። ያኔ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት እየመጣ ነበር። ከሰፈራችን ወንድ ገሚሱ ጫካ ገብቷል፤ የቀረው ለመንገድ ሥራ እየታፈሰ ይወሰዳል። እኔ አሮጊት እናቴን ትቼ መሄድ ስላልሆነልኝ ቀርቼ አርሳለሁ። ቤት ውስጥ እኔ፣ እናቴና ሚስቴ ማንጠግቦሽ ብቻ ነበርን። ልጅ ገና አልወለድንም።

ሕመሙ የጀመረኝ በሚያዝያ ነው። ለጥቂት ቀን ግንባሬን ከውስጥ ሰው የሚወቅረኝ ይመስለኝ ነበር፤ ብርሃን ማየት ያስጠላኛል፤ የበላሁት ይመለሳል። ፀሐይ ነው ብዬ ናቅሁት። አንድ ቀን እርሻ ላይ ሳለሁ ጅራፉ ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት፤ ተመልሶ ወደቀ። በሦስተኛው ጎንበስ ስል ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለኝና ትልሙ ውስጥ ተቀመጥኩ። በሬዎቹ ቆመው ያዩኛል። ማንጠግቦሽ ምሳ ይዛ እስክትመጣ እዚያው ቆየሁ።

በማግስቱ ስነቃ ከጎኔ የሌላ ሰው ክንድ የተኛ መስሎኝ በግራ እጄ ገፋሁት። የራሴ ነበር። አፌ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ስናገር ምላሴ ይከብደኝ ጀመር። አፌ በጥቂት ቀን ተስተካከለ፤ እግሬም እየጎተትኩ ቢሆን ወደ መራመዱ ተመለሰች። ክንዴ ግን እንደሞተች ቀረች።

እናቴ ምች ነው አለችና ዳማከሴ ጨምቃ አሸችኝ፣ አጠነችኝ። አልሆነም። ወጌሻ ተጠራ። ትከሻው ወልቋል ብሎ እግሩን ብብቴ ላይ አድርጎ ሲጎትተኝ ከዚያ በፊት የማላውቀው ሥቃይ ተሰማኝ፤ ክንዴ ግን መነቃነቁ ቀርቶ ጭራሽ አበጠ። ቀጥሎ አንድ ደብተራ መጥቶ የሰው እጅ አለበት፣ ድግምት ነው አለ፤ ፍየላችንን ወስዶ ክታብ አንጠለጠለልኝ። ጠበልም ሄድኩ። ጠበሉ ልቤን አሳረፈልኝ፤ ይህን አልክድም። እዚያ የነበሩ ሕሙማን የበሶአቸውን ጭብጥ ሲያካፍሉኝ፣ ገላዬን በግራ እጄ ማሸት ሲያቅተኝ የማላውቀው ሰው ጀርባዬን ሲያጥብልኝ፣ ሰው ብቻውን እንደማይታመም ተማርኩ። ክንዴ ግን እንደነበረች ናት።

በመጨረሻ ማንጠግቦሽ፣ "ደብረ ማርቆስ የጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት አለ ይባላል፤ እንሂድ" አለችኝ።

"ሰው ምን ይላል? ገባ ይሉኛል" አልኳት። በዚያ ዘመን ገባ ማለት ለጣሊያን አደረ ማለት ነው።

"የሚሉት መጥተው አይመግቡንም" አለች።

የጎረቤታችንን የአያ ደሴን በቅሎ ተውሰን እኔ ተቀምጬ እሷ በእግሯ ተጓዝን። አያ ደሴ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ግን በሰፈሩ በዘር አዘራር የሚወዳደራቸው ያልነበረ ሽማግሌ ናቸው። ከከተማው መግቢያ ኬላው ላይ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ አስወረደኝ። ወጣት ሆኖ ክንዱ የሞተ ሰው ሲያይ ጥይት የመታው ሽፍታ መስሎት ነው። ጋቢዬን አስወልቆ ትከሻዬን፣ ብብቴን፣ ጀርባዬን ቁስል ሲፈልግ ማንጠግቦሽ ፊቷን አዙራ ቆመች። ምንም ስላላገኘ አሳለፈን። አንዲት የቆየች ጠባሳ ብትኖረኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ሐኪም ቤቱ ደጅ ባሕር ዛፍ ሥር ብዙ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። እኛም ተቀመጥን። ከጎናችን ልጇ በትኩሳት የሚነድባት ሴት ነበረች፤ እርጥብ ጨርቅ ልጁ ግንባር ላይ ታደርግና ሲሞቅ ታራግበዋለች። እኔ ፀሐይ ሲያገኘኝ አይታ ተነሥታ በጥላዋ በኩል አስቀመጠችኝ። ልጇ እንዲያ ሆኖባት እኔን ማየቷ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያን ቀን ሳይደርሰን መሸ። ሰው ቤት አድረን በማግስቱ ገባን።

ሐኪሙ ፀጉሩ የሸበተ ጣሊያን ነው። ዓይኔን አየ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ፣ እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካካ። ከዚያ ለአስተርጓሚው ነገረው። አስተርጓሚውም በሩ ክፍት ሆኖ፣ ደጅ ያለው ሁሉ እየሰማ፣ "ቂጥኝ ነው ይላል። ከሚስትህ ሌላ የምትሄድባት ሴት አለች ወይ?" አለኝ።

የለችም አልኩ። ሐኪሙ የሰማም አልመሰለኝ፤ እንዲህ የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣበታል መሰለኝ። መርፌ ወጋኝ። ክንዴንም በነጭ ጨርቅ አስሮ ከአንገቴ ጋር አንጠለጠለና እንዳላንቀሳቅሳት፣ እንዳልፈታት አስጠነቀቀኝ።

ስንመለስ ማንጠግቦሽ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ከተማው ከዓይናችን ከጠፋ በኋላ ነው ሳትዞር፣ "እውነት ነው?" ያለችኝ።

"ካንቺ ሌላ አላውቅም።"

ትንሽ ሄደች። "እኔ አምንሃለሁ" አለች፤ "ግን ደጅ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚያየው።"

ቢሆንም ያን ሰሞን መኝታዋን ለይታ ከእናቴ ጋር አደረገች። እናቴ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። እኔ ብቻዬን ተኝቼ፣ ሌሊት ሌላኛው ጎኔም እንዳይከተል ፈርቼ የግራ እጄን ጣቶች እየቆጠርኩ አድር ነበር። የሚንቀሳቀሱ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ወደምለው ደርሻለሁ።

ገበሬ ክረምት ሲደርስ ከማሳው በፊት በሐሳቡ ይዘራል። እኔ የመጀመሪያው ዝናብ የቤቱን ሣር ሲመታው ስሰማ ጋደም ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጤፍ እዘራ ነበር። የዘሩ ልስላሴ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ የእጄ አንጓ ሲዞር ይሰማኛል፤ እግሬ ጋቢው ውስጥ ንቅንቅ ይላል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሌላውም ገበሬ ሳያደርገው አይቀርም።

ያን ዓመት ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማሳው መጣ። ጭቃው፣ በሬዎቹ፣ ከማሳው ጥግ ያለችው ግራር ሁሉ መጡ። ግራ ክንዴ ዘር የያዘውን ቁና አቅፋ መጣች። ቀኝ እጄ ግን አልመጣችም። ከትከሻዬ በታች ባዶ እጅጌ ነው ያለው። እንደገና ሞከርኩ፤ ልዘግን ስል ግራ እጄ ቁናውን ጥላ በቀኟ ቦታ ትገባለች። ሌላ ሰው ሲዘራ አስቤ እሱን ላየው ቻልኩ። ራሴን ግን ማየት አልቻልኩም።

አለመንቀሳቀሷን እየለመድኩት ነበር። ይሄ ግን ከዚያ የከፋ ነው። እጅ ብትሰንፍ ሰው ቢያንስ በሐሳቡ ያነሣታል፤ የእኔ ግን ከሐሳቤም ወጥታ ሄዳለች። በጨርቅ ከተሸፈነች ወዲህ ዓይኔም አላያት፣ እኔም አላሰብኳት። አእምሮዬ ሊሄድ ነው ብዬ ፈራሁና ለማንም አልተናገርኩም።

ማሳውን የማንጠግቦሽ ወንድም መጥቶ አርሶልን ነበር። ለዘሩም ሊመለስ ቃል ገብቶ ሳለ ለመንገድ ሥራ ተወሰደ። የቀሩት አያ ደሴ ብቻ ናቸው። ማንጠግቦሽ ልትለምናቸው ሄዳ በዝናብ ርሳ ተመለሰች።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"እሺ ብለዋል። ግን የራሳቸው አለ፣ የሰፈሩ መበለቶች ማሳ ሁሉ አለ። ወደ እኛ የሚደርሱት በሐምሌ መጨረሻ ነው።"

ያኔ የተዘራ ጤፍ ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ ይቆምበታል። ሦስታችንም ይህን እናውቃለን። እናቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ጨምቃ እሳቱ አጠገብ ሰቀለችና፣ "እኔ እዘራዋለሁ" አለች።

"ሴት ጤፍ ስትዘራ የት አይተሻል?" አለቻት እናቴ።

"አላየሁም፣ እሜቴ። ወንድ የሌለበት ሐምሌም አይቼ አላውቅም።"

"ዘሩ ይመክናል። በሰውም እንሰደባለን።"

"እስካሁንም ያልተሰደብነው የለም" አለች ማንጠግቦሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እንዴት እንደሚዘራ ንገረኝ።"

"ትዘግኚያለሽ፣ ትበትኛለሽ" አልኳት።

"እሱንማ ለዶሮም አደርገዋለሁ። ጣት እንዴት ነው የሚከፈተው? የቱ ይቀድማል? እጅ የሚወረወረው በየትኛው እግር ነው?"

ከልጅነቴ ጀምሮ የማደርገውን ነገር ልነግራት አልቻልኩም። የምታውቀው እጄ ነበረች፤ እሷን ልጠይቃት ወደ ሐሳቤ ብገባ የለችም። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ማንጠግቦሽ ስለ እጄ መሞት ያለቀስኩ መሰላት። ቀስ ብዬ ነገሩን ነገርኳት፤ ባዶውን እጅጌ፣ ግራ እጄ ቦታ መሳቷን። አብደሃል አላለችኝም። "እንግዲያው አይተን እንማራለን" አለች።

በማግስቱ ለአያ ደሴ ምሳ ይዛ ሄዳ ማሳቸው ዳር ቆማ ሲዘሩ ስታያቸው አረፈደች። ስትመለስ ከወንዝ ደቃቅ አሸዋ በቁና ይዛ መጣች። አውድማችን በእበት የተለቀለቀ ጥቁር ነው፤ አሸዋው ሲወድቅ በደንብ ይታያል። እኔን ከቤት ባወጣችው ጉቶ ላይ አስቀምጣ ትወረውር ጀመር።

መጀመሪያ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር፤ ልክ መሆኗን ከፊቴ ልታነብ ፈልጋ ነው። እኔ ግን ሳያት ተምታታብኝ። የእሷ ቀኝ በእኔ ግራ በኩል ነው፤ የምትመጣው እጅ ወደ እኔ እንጂ ከእኔ አይደለም።

"ዙሪ" አልኳት፤ "ጀርባሽን ስጪኝና ወርውሪ።"

ዞረች። ጉቶዬን ወደ ቀኝ ትከሻዋ ኋላ አስጠጋሁ። ስትወረውር የክንዷ መንገድ ከእኔ ትከሻ የሚነሣ መሰለኝ። ደስ የማይል፣ እንደ ማሳከክ ያለ ነገር ክንዴ ውስጥ አለፈ። ጨርቁን በግራ እጄና በጥርሴ ፈታሁትና እጄን ጭኔ ላይ፣ ዓይኔ በሚያያት ቦታ አስቀመጥኳት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማሳው መጣ። እጄም መጣች። ደብዘዝ ብላ ነበር፣ ግን የእኔው ናት፤ ቁናው ውስጥ ገብታ ዘገነች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ሲል ወረወረችና ዘሩ በአንድ ቦታ ተከምሮ ወደቀ። ማንጠግቦሽ አሸዋውን እንደምትጥለው፣ አንጓዋ ደርቆ፣ እፍኟን በአንዴ ከፍታ። በደህናው ጊዜ እኔ እንዲህ ዘርቼ አላውቅም። ያየሁት ነገር ነው በእኔ እጅ ውስጥ የገባው።

ስነግራት ሳቀች፤ ከደብረ ማርቆስ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "ጎበዝ ሲዘራ ማየት ያስፈልግሃላ" አለችና አያ ደሴን ልትጠራ ሄደች።

ሽማግሌው ደክሟቸው ነበር፤ ሆኖም መጡ። ሴት ልትዘራ መሆኑን ሲሰሙ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። "እኔ አላወራም። ማሳው የእናንተ ነው" አሉ።

ማንጠግቦሽ የትኛው ጣት እንደሚቀድም ጠየቀቻቸው።

"እኔ እንጃ ልጄ። እጄ ነው የሚያውቀው እንጂ እኔ አላውቀውም" አሉና አሸዋውን ዘግነው ይሄዱ ጀመር። ማንጠግቦሽ በአንድ ወገን፣ እኔ ጉቶዬን ትቼ እግሬን እየጎተትኩ ከቀኝ ትከሻቸው ኋላ ተከተልናቸው። አሸዋው እንደ ጭጋግ ተዘርግቶ ይወርዳል። እኔ ዝም ብዬ አላየሁም፤ እያንዳንዱን ውርወራ እኔ እንደምወረውር አድርጌ ከውስጥ አብሬ ሄድኩ። አውድማውን ዞረው ሲጨርሱ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩና ወረወርኩ። በሐሳቤ ማለቴ ነው። ዘሩ ተዘረጋ።

"ትንሿ ጣት ናት የምትቀድመው" አልኩ ዓይኔን ሳልገልጥ። "እሷ ትላላለች፣ ሌሎቹ ተራ በተራ ይከተላሉ፤ ሌባ ጣት መጨረሻ። እጅ የሚሄደው በግራ እግር ነው። አንጓሽ ውኃ እንደሚያራግፍ ይሁን።"

ማንጠግቦሽ እንዳልኳት አደረገች። አያ ደሴ ጎንበስ ብለው አውድማውን በዳሰሳ አዩና፣ "ይህማ ይበቅላል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ባባራ ቁጥር አውድማው ላይ ነን። እሷ ትወረውራለች፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ አያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እደግመዋለሁ፣ የተሳሳተችውን እነግራታለሁ። እሷ ስትሻሻል የማየው ነገር ይሻሻላል፤ የማየው ሲሻሻል ሐሳቤ ይጠራል፤ ሐሳቤ ሲጠራ የምነግራት ነገር ይበዛል። ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ በዓይኔ ብቻ ሳያት ምንም አይጠቅመኝም ነበር። ያየሁት ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ አንድ ቀን ከዘለልን ይደበዝዛል። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ትፈትላለች፤ እሷን ሳያት ክንዴ ውስጥ አንዳች አይነቃም። እኔ ፈትዬ አላውቅማ። የሚቀሰቅሰኝ ቀድሞ የእጄ የነበረ ነገር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ልትወረውር እጇን ስታነሣ ጭኔ ላይ ያለችው እጄ አውራ ጣቷን ነካ አደረገች። ዝንብ ያረፈባት መሰለኝ። ዝንብ የለም። በሚቀጥለው ውርወራም ሆነ። ዝም አልኩ፤ ተናግሬ ሐሰት ከሆነ ሁለታችንም እንዳንሰበር ብዬ ነው። ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ራሷ ዞር ስትል አየችው። ቁናውን አስቀምጣ አጠገቤ ተንበረከከች።

"መቼ ነው የጀመረው?"

"ከሰሞኑ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እስኪጸና ብዬ።"

ጣቴን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ያን ቀን መኝታዋን ወደ እኔ መለሰች።

ዘሩ የሚዘራበት ቀን ማሳው በከብት ተረግጦ ጭቃው እንደ ሊጥ ለስልሷል። እናቴ ከቤት አልወጣም ብላ ቀረች። ማንጠግቦሽ ቁናውን ታቅፋ ገባች፤ እኔ ከዳር ሆኜ በምርኩዝ እከተላታለሁ። መጀመሪያ ላይ እጇ ፈራ። ጤፍ አሸዋ አይደለም፤ ዘሩ ካለቀ ሌላ የለንም። "አንጓሽ" እላታለሁ፤ "አትቸኩይ፣ በግራ እግርሽ።" ከጥግ ባለው ጥቂት ቦታ ዘሩ ሳይዘረጋ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ እጇ መንገዱን አገኘ። የሚያልፉ ሴቶች ቆመው አይተው ወደ ቤታችን ዞሩ፤ እናቴን ሊጠይቋት ነው። እናቴ ምን እንዳለቻቸው የሰማሁት በኋላ ነው። "ልጄ ቆሞ እያዘራት ነው፤ ምን ትላላችሁ" ብላቸዋለች። ስንመለስ ግን እኛን አላናገረችንም፤ የእግር ውኃ ብቻ አሙቃ ጠበቀችን።

ጤፉ ሲበቅል ከጥጉ በቀር እንደ ምንጣፍ ነበር።

በነሐሴ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ እንደገና ደብረ ማርቆስ ሄድን። ሐኪሙ ያው የፊተኛው ነው። አሁን አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ እንደ ጉጠት ይገናኛሉ፤ ክርኔም ትንሽ ይታጠፋል። ሐኪሙ ደጋግሞ አየኝ፤ ጠየቀኝ፤ ለአስተርጓሚው ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፊት ተሳስቼ ነበር ይላል። ቂጥኝ አይደለም። ጭንቅላትህ ውስጥ ያለች የደም ሥር ተደፍና ነው፤ እሷ የምታዘው እጅ ነው የሞተው። ክንድህን የማሰሩም ነገር ከዚህ በኋላ ይቅር ብሏል" አለኝ። ማንጠግቦሽ፣ "ይህን ፊት ባልከው ድምፅ ድገመው" አለችው። አስተርጓሚው አፈረ፤ ግን በሩን ከፍቶ ደገመው። ሐኪሙም ምን እንደተባለ ሳያውቅ ራሱን ነቀነቀ።

አንድ ነገር ግን ከዚያ ጉዞ ይዤ ተመለስኩ። ተራ ስንጠብቅ ፊት ለፊቴ እጁ እንደ ጭልፊት ጥፍር የተኮማተረ ሰው ተቀምጦ ነበር። አዝኜለት ሳየው ዋልኩ። ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን የእኔም እጅ ተኮማትራ መጣች። ብዙ ጊዜ አውድማው ላይ ማንጠግቦሽን ካየሁ በኋላ ነው የተፈታችልኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ እጠነቀቃለሁ። ለታመመ ሰው ማዘን ተገቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አብረውት አይታመሙም።

መዳኔ ረጅም መንገድ ነበረው። ለመስቀል እፍኝ እህል መያዝ ቻልኩ፣ መልቀቅ ግን አልቻልኩም፤ ጣቶቼን በግራ እጄ እፈለቅቅ ነበር። በአጨዳ ጊዜ ነዶ በክንዴ አቀፍኩ። መቀነት መቋጠር፣ መርፌ መያዝ እስከ ዛሬም አይሆንልኝም። ሲበርድ ትንሿ ጣቴ ትደነዝዛለች። ሁሉም ሰው እንደ እኔ ይድናል አልልም፤ ከእኔ በኋላ በዚሁ ሕመም የተያዙ ጎረቤቶቼ ነበሩ፣ አንዱ ተሽሎታል፣ አንዱ ሳይሻለው ሞቷል። ያቺ ሴት ብትጠይቀኝ የምላት ይህን ነው፦ ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ የመጀመሪያው ሐኪም ባያውቀው ሁለተኛውን ፈልጊ። እጁን አትሸፍኚበት። በደህናው ጊዜ የሚወደውን ሥራ ከጎኑ ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ በትክክል ሥሪለት፤ እሱም እያየ እኔ ነኝ የምሠራው ይበል። እጁ ባትነሣ እንኳ ከሐሳቡ እንዳትጠፋ ያደርጋል። ከሐሳብ የጠፋች እጅ ከየት ተጠርታ ትመጣለች?

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ማሳው ሲደርስ ቁናውን እኔ ታቀፍኩ። ማንጠግቦሽ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ከቤት ነበረች። እጄ ትዘገይ ነበር፤ ግን ዘገነች፣ ጣቶቼ ከትንሿ ጀምረው ተራ በተራ ተከፈቱ፣ ዘሩ ተዘረጋ። ብቻዬን ስለነበርኩ ለማንም አልነገርኩም። የማሳውን ግማሽ እንዳደረስኩ አያ ደሴ በበቅሏቸው ሆነው በዳር በኩል ሲያልፉ ቆሙ። ዓይናቸው ያን ጊዜ በጣም ደክሟል፤ ሰው ከሩቅ ሲያዩ የሚለዩት በአኳኋኑ ነው።

"ማንጠግቦሽ" ብለው ተጣሩ፤ "በዚህ ሆድሽ ጭቃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? እንየው የት ሄዷል?"

"እኔ ነኝ አያ ደሴ፣ እንየው ነኝ" አልኳቸው።

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩ። "እስቲ ወርውር" አሉኝ። ወረወርኩ። "አወራወሩ የእሷ ነው" አሉና በቅሏቸውን ነክተው ሄዱ።

ቆሜ እጄን አየኋት። እውነታቸውን ነበር። በደህናው ጊዜ እኔ ስዘራ ትከሻዬን ወደ ኋላ እጥላለሁ፤ አሁን ግን እንደ እሷ አገጬን ወደ ፊት አድርጌ፣ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ቆም እያልኩ ነው የምሄደው። ያን ሁሉ ክረምት ሳያት የኖርኩትን እጄ ይዛ ቀርታለች።

ማታ ለማንጠግቦሽ ነገርኳት። እግሬን ከጭቃው እያጠበችልኝ ነበር። ቀና ሳትል፣ "ታዲያ ምን አለበት" አለች፤ "ጤፉ እንደሆነ የማን እጅ እንደዘራው አይጠይቅ።"